ሐጂ ጀውሃርና የዛገው ብሎን

ስሟ ይቆየንና፣ ከመስጊዷ በር እስከ ገበያዋ ዳር ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ጨርቅ ሲለኩ ከክንዱ አልፈው ጣት የሚጨምሩ ሰው ናቸው። መንገደኛ ዕቃውን በአማና የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው፤ የተጣላም አስቀድሞ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ፈተና ግን ሰው በማይጠብቀው በኩል ይመጣል። የሐጂ ጀውሃር ፈተና ከሽንት ቤት መጣ።

ጉልበታቸው ቁጢጥ ማለት እምቢ ሲላቸው ልጆቻቸው መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አሠሩላቸው። ዓመት ሳይሞላው ከመቀመጫው በላይ ያለው የውሃ ሳጥን ማንጠብጠብ ጀመረ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ሆነ። ሐጂ ልብሴን ነጃሳ ነካው እያሉ ይጨነቁ ነበር፤ ለአንድ ሶላት ሁለቴ ልብስ የቀየሩበት ቀን አለ።

ይመር የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ውሃ የሚያግደውን ጎሚኒም፣ ሳጥኑን ከመቀመጫው ጋር የያዘውን ብሎንም በአዲስ ቀየረ። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሳሎን ውስጥ እንግዶች ተቀምጠዋል። “ሐጂ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም ባይገባበት” አለና ተሰናብቶ ሄደ።

በሦስተኛው ወር ሳጥኑ እንደገና አንጠበጠበ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ብሎኑ ዝጓል።

“አዲስ ብሎን በሦስት ወር ይዝጋል?” አሉ ለባለቤታቸው ለሐጃ ሩቅያ።

“እኔ ምን አውቃለሁ። ሰውየውን ጠርቶ መጠየቅ ነው” አሉ ሐጃ ሩቅያ።

ሐጂ ጠሩት፤ ግን አልጠየቁትም። በሩ ላይ ቆመው እጁን ይከታተሉ ጀመር። ይመር መፍቻውን አስገብቶ ቢታገል ብሎኑ ንቅንቅ አልል አለ።

“ተጣብቋል ሐጂ። በጉልበት ካልነው ሳጥኑ ይሰነጠቃል። ዘይት ላጠጣውና ከዙሁር በኋላ ልመለስ።”

“አሁን አይሆንም?”

“አሁንማ ይሰበራል።”

ጊዜ እየገዛ ነው፣ አሉ በልባቸው። ያኔ “ከውሃ በቀር” ያለውም ትዝ አላቸው። ለካ ሰበቡን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያዘጋጅ ኖሯል።

ይመር እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ቦርሳው ወለሉ ላይ ቀረ። የሰውን አማና አርባ ዓመት ሳይፈቱ ያስቀመጡት ሐጂ ጀውሃር ጎንበስ ብለው የቦርሳውን ዚፕ ከፈቱ። ከመሣሪያው ሥር በፌስታል የተቋጠሩ አሮጌ ብሎኖች አገኙ፤ አብዛኞቹ የዛጉ ናቸው። እንደነበረ ዘግተው ቀና አሉ። ነገሩ ተገለጠልኝ ብለው አሰቡ። ይህ ሰው ከአንዱ ቤት የፈታውን አሮጌ አዲስ ነው እያለ ሌላው ቤት ይገጥማል።

ዙሁር ተሰግዶ ሲያበቃ የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሼህ ሙዘሚል ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ጠየቋቸው።

“ሐጂ፣ የአዲሱን የውዱእ መታጠቢያ ቦታ ቧንቧ ለይመር ልንሰጠው አስበናል። እርስዎ ቤት ሠርቷልና ምን ይላሉ?”

ሐጂ ጥቂት ዝም አሉ። “የእኔን ጨርሶ እስካይ ብትቆዩ” አሉና መሬት መሬት አዩ። ሌላ አልጨመሩም። መጨመርም አላስፈለገም፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። “ገብቶናል። ሌላ ሰው እንፈልጋለን” አሉ ሼህ ሙዘሚል።

ይመር እንዳለው ተመለሰ። ዘይቱ ስላልረዳው ብሎኑን በብረት መጋዝ ቀስ እያለ ቆረጠው፤ ሳጥኑም ሳይነካ ተረፈ። ቁራጩን ሐጂ መዳፍ ላይ አኖረላቸው። ብረቱ በጣታቸው ሲነኩት ይፈረፈራል። ወደ አፍንጫቸው ቢያስጠጉት በረኪና ይሸታል።

ሐጂ ጀውሃር ደንግጠው ቆሙ። ለጦሃራ፣ ለንጽሕና ብለው በየጠዋቱ የሳጥኑን ክዳን ከፍተው በረኪና የሚያፈሱበት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

“ታውቅ ነበር?”

“የመጀመሪያ ቀን ሸቶኛል።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“እንግዶች ነበሩ ሐጂ። በሰው ፊት ስህተትዎን ማውጣት ከበደኝ። ከውሃ በቀር ካልኩ ይበቃል ብዬ ነው።”

ሐጂ ወደ ቦርሳው አመለከቱ። “ቦርሳህ ውስጥ ያሉት አሮጌ ብሎኖችስ?”

የይመር እጅ ቆመ። “ቦርሳዬን ከፍተውታል?”

“ከፍቻለሁ።”

“ሱቅ ሄጄ ልኩን የማሳይባቸው ናቸው። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።” ይህን ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱን ብሎን ገጠመ፣ ውሃውን ለቀቀ፣ ወለሉንም በጨርቅ አደረቀ።

“ለዐስር ሶላት ከእኔ ጋር ና” አሉት ሐጂ።

ዐስር እንደተሰገደ ሐጂ ጀውሃር በጀመዓው ፊት ተነሡ። ብሎኑን ያዛገው የገዛ በረኪናቸው እንደሆነ፣ ይመርን በሱኡ ዘን፣ በክፉ ግምት እንደጠረጠሩት፣ ቦርሳውን ተደብቀው እንደከፈቱ፣ በዙሁር ያሉትም ከዚያ የመጣ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያም ወደ ይመር ዞሩ። “አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።”

ይመር አንገቱን ደፋ። “አውፍ ብያለሁ” አለ፤ ድምፁ ግን ገና ቅሬታ ነበረበት። ሐጂም ሌላ አልጠየቁትም።

ሲወጡ ሼህ ሙዘሚል ቀረብ ብለው፣ “ለእኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ሥራውን እመልስለት ነበር። ራስዎን ለምን እንዲህ አዋረዱ?” አሏቸው።

ሐጂ ጀውሃር እንዲህ አሉ፦ “ሥራውማ ሪዝቁ ነው፤ አላህ ይሰጠዋል። እኔ የወሰድኩት ስሙን ነው። በሰው ፊት የወሰድኩትን በጓዳ አልመልስም።”

ወገኖቼ፣ ሐጂ ያን ቀን በዙሁር የተናገሩት ቃል ሐሰት አልነበረበትም። “እስካይ ብትቆዩ” ማለት በራሱ ጥንቃቄ ነው። ሐሜቱ ያለው በዝምታቸውና ወደ መሬት ባዩት ዓይናቸው ውስጥ ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ ምንም አላልኩም ብለን በሰላም እንተኛለን፤ ባላልነው ነገር ግን የአንድ ሰው ደጅ ተዘግቶ ያድራል። አላህ ከተናገርነው ብቻ ሳይሆን ሳንናገር ካስባልነውም ይጠብቀን።