ለአባቱ የገዛው ሰዓት

አባቱን የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ መጨረሻውን ስትሰማ «ድሮም አይወደውም ነበር» ብለህ እንዳትገላገል ነው። ይወደው ነበር። «ባለቤቴ መነዝነዝ ከተወች ቆየች፤ ምንም ብጠይቃት ደህና ነው ትለኛለች፤ ቤቴ ሰላም ሆነ ማለት አይደለም ወይ?» ያልከኝንም አልረሳሁትም፣ ይሁኔ። ተቀመጥና ስማ፤ ስልክህንም ኪስህ ክተተው።

ሰውየው የሚሠራው ከተማ ነው። አባቱ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ አገር ቤት ብቻውን ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ዱቄት ሲምግ ስለኖረ ሳንባው ተጎድቷል። ልጁ ማታ ማታ ይደውልለታል። ሽማግሌው ወሬ ጀምሮ መሐል ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ልጁ እህል አይወርድለትም።

በኋላ አንድ የእጅ ሰዓት ገዛለት። ይህ አሁን የመጣው፣ የልብ ምትና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ዓይነት ነው። የራሱ ሲም ስላለው የለካውን ወዲያው ልጁ ስልክ ላይ ያደርሳል፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲወርድ ቀይ ይበራል። ልጁ በገዛ እጁ አሰረለትና «አባባ፣ ከእንግዲህ አጠገብህ እንዳለሁ ቁጠረው» አለው። ሽማግሌውም መረቀው።

ብዙም ሳይቆይ ቀይ በራ። ልጁ አለቃውን ለምኖ እየበረረ ሲመጣ አባቱን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ምስር ሲለቅም አገኘው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የበኩር ልጁ ክርስትና በሚነሳበት ቀን በራ፤ እንግዶቹን ቤት ጥሎ መጣ። ያን ቀን ሽማግሌውን የእውነት አሞት ነበር፤ ልጁ እስኪደርስ ግን ተሽሎት ቁጭ ብሏል። ልጁ መንገዱ አድክሞታል። «አባባ፣ ጠበቅ አድርገህ እሰረው እንጂ፤ በከንቱ እኮ ነው የምታስሮጠኝ» አለው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አፉ አመለጠው።

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ጎረቤቱን ጠራው። ጎረቤቱ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውል ግንበኛ ነው። «ይህን ሰዓት አንተ እጅህ ላይ እሰርልኝ፤ ልጄን ከሥራው ላፈናቅለው ነው» አለው። ግንበኛው «ኧረ ነውር ነው፣ ጋሼ» ብሎ እምቢ አለ። ግን የእኛን አገር ሰው ታውቀው የለ? ሩቅ ላለ ልጅ የወላጁ ሕመም አይነገረውም፤ «ደህና ነው» ነው የሚባለው። ሽማግሌው ብዙ ሲለምነው ጊዜ አሰረው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ልጁ ደስታውን አልቻለውም። መሥሪያ ቤት ላገኘው ሁሉ «የአባቴን ልብ እዩልኝ፤ ከእኔ ልብ ይሻላል» እያለ ያሳያል። መደወሉን ግን ቀነሰ። ምን ብሎ ይደውል? ያየዋል እኮ። አልፎ አልፎ ሲደውልም «አንተማ ጎረምሳ ሆነሃል፤ ሚስት እንፈልግልህ እንዴ?» ይለዋል። ሽማግሌው ይስቃል፤ ሳሉ እንዳይሰማም ስልኩን በጋቢው ይሸፍነዋል።

ሲብስበት ግንበኛው «ልደውልለትና ይምጣ» አለ።

«በሕመም አልጠራውም» አለ ሽማግሌው። «ደህና መሆኔን እያየ፣ ናፍቄው ቢመጣ ነው የምወደው። ደህና አባት አይጠየቅም እንዴ?»

እንዲህ እያለ በሩን አስከፍቶ የመኪናውን መንገድ ሲያይ ይውላል። ልጁ በአረንጓዴ እንዲመጣለት ነበር የሚጠብቀው። አልመጣም።

አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። በአገሩ ወግ ሬሳ ስለማያድር በዚያው ቀን ይቀበር ተባለ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ለልጁ የሚያረዱ ሰዎች በአውቶቡስ ተላኩ። መቃብሩን የቆፈረው ግንበኛው ነው። እንባውን እያዘራ ሲቆፍር ሰዓቱ እጁ ላይ መኖሩን ረስቶታል። ልጁ ከተማ ሆኖ ስልኩን አየ፤ የልብ ምቱ ከፍ ብሏል፣ ኦክስጅኑ ሙሉ ነው። አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «አባቴ ዛሬ ጓሮውን ሲቆፍር ነው መሰለኝ የዋለው» አለና ሳቀ።

በማግስቱ ማለዳ መርዶ ነጋሪዎቹ በሩን አንኳኩ። ነገሩት። አላለቀሰም። ስልኩን አወጣና «ተሳስታችኋል፤ ይኸው ልቡ እየመታ ነው» ብሎ አሳያቸው። እውነትም ይመታል። ሰዎቹ ስልኩን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ይሁኔ። ባለቤትህን ከአባቷ ቤት ሽማግሌ ሆኜ የለመንኩልህ እኔ ነኝ፤ «አደራ» የተባልኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ አላባብልህም። ድሮ ስትቆጣህ፣ «ከፋኝ» ስትልህ፣ ያ ቀዩ ነበር። አንተ ምን አልካት? «ደግሞ ጀመረሽ?» አልካት። እሷም ሰዓቱን ከእጇ ፈታችው። ዛሬ «ደህና ነው፣ እንደወደድክ» የሚልህ ይሉኝታዋ ነው፤ እሷ የት እንዳለች አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። አንተ ግን ያንን እያየህ ቤቴ ሰላም ነው ትላለህ፤ ለጓደኞችህም ታወራለህ አሉ።

አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ ልልህ በወደድኩ። ልጁም የዚያን ዕለት ሮጦ ነበር፤ የደረሰው ግን አፈሩ ላይ ነው። ለማንኛውም ሂድ። ስትገባ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለህ አትጠይቃት፤ ደህና ነኝ ነው የምትልህ። አጠገቧ ቁጭ በልና ዝም በል። ቆይታ ብትቆጣህ፣ ብትሰድብህም፣ ፈጣሪህን አመስግን። ፈገግ ብላ «እራት ላቅርብልህ?» ካለችህ ግን እኔ ዘንድ አትመለስ፤ ለዚያ የምሰጥህ መልስ የለኝም።