የእትዬ ዘርፈሽዋል አንድ ቁና ስንዴ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ላሚቱ በአንድ ጠርሙስ ዘይት ተለውጣለች። የቀረው በረቱ ነው፤ እሱንም ገዥ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አይቶታል። በዋንዛ በር ኑሮ እንዲህ የከፋበት ዘመን ነበር። ሽንኩርት የፈለገ ሰው ለባለ ሱቁ ሽማግሌ ይልካል። አይጦቹ ሁዳዴ ሳይገባ ጾም ጀምረው ነበር፤ አንዲቱማ መንና ገዳም ገብታለች ይባላል።

በዚያ ዘመን እትዬ ዘርፈሽዋል የምትባል ባልቴት ነበረች። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኞች በየወሩ እየተቀባበሉ አርባ ዓመት የጠጡበት ጽዋ ተራው ደርሷት፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከራስጌዋ ተቀምጧል። ፍላጎቷ አንዲት ናት፤ ለኅዳር ሚካኤል አንድ ድፎ ዳቦ መድፋት። ስንዴውን ከአፏ እየነጠቀች አጠራቅማለች፤ ልክ አንድ ቁና። የቀራት ማስፈጨት ብቻ ነው።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ባይለየኝ መጣ። የማኅበሩ መሪ ነው፤ በማዕረጉ «ሙሴ» ይሉታል።

«ዘርፌ» አለ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ሰዉ መክሯል። በዚህ ኑሮ ማኅበር ማለት ቅንጦት ነው። ካንቺ ቀጥሎ ጽዋውን የሚቀበል ጠፋ። ለሚካኤል ዳቦ ከደፋሽ ደፋሽ፤ ካልደፋሽ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን መልሰን ማኅበሩ ይፈርሳል።»

«የአርባ ዓመት ማኅበር?»

«ኑሮ ስንቱን አፍርሷል!»

እትዬ ዘርፈሽዋል ደንግጣ አማተበች። «ወይ ጉድ! እሱ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም፣ ጋሼ። ዳቦው ይደፋል» አለችና ቁናዋን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ወረደች።

ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። የመንደሩ ጆንያ በሙሉ ከነእህሉ ተሰልፎ ቆሟል፤ ከመቆም ብዛት አንዳንዱ ጆንያ ጢም አብቅሏል።

«ወፍጮ፣ ወፍጮ፣ ስንዴዬን ፍጭልኝ» አለች።

«አልፈጭም» አለ ወፍጮ። «ናፍጣ ካልጠጣሁ ጥርሴ አይንቀሳቀስም።»

«በስመ አብ! ወፍጮ ተናገረ!»

«ኑሮ ያላናገረው ማን አለ፣ እትዬ?»

ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ ናፍጣ ካልመጣ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ዳቦ አይደፋ፣ ዳቦ ካልተደፋ ማኅበር ይፈርሳል። ወይ ጉድ!

እትዬ ዘርፈሽዋል ናፍጣ ፍለጋ ወጣች። ጫማዋ አልቆ እግሯ ራሱ ጫማ እስኪመስል ተጓዘች። ከመንደሩ ማዶ አንድ ቦቴ መኪና ቆሟል፤ ናፍጣው ሆዱ ውስጥ ይንቦጫረቃል።

«ናፍጣ፣ ናፍጣ፣ ወፍጮው ጠምቶታልና ቶሎ ና!»

«እኔ? በእግሬ?» አለ ናፍጣ ከቦቴው ውስጥ። «ዋጋዬን አልሰማሽም መሰለኝ። ውድ በእግሩ አይሄድም! የተሸከመኝን ለምኚው።»

«ቦቴ፣ ቦቴ፣ ናፍጣውን አድርስልኝ።»

«ማለፍ መቼ ጠላሁ፣ እናቴ? ፊቴ ያለውን ጉድ እይው! ጉድጓድ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን የሲኦል ደጃፍ ነው እላለሁ። እሱ ካልሞላ አላልፍም።»

እንግዲህ ጉድጓድ ካልሞላ ቦቴ አያልፍ፣ ቦቴ ካላለፈ ናፍጣ አይመጣ፣ ናፍጣ ካልመጣ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ዳቦ አይደፋ፣ ዳቦ ካልተደፋ ማኅበር ይፈርሳል። ወይ ጉድ!

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች። ጥልቀቱ! ትናንት የወደቀ ጠጠር ገና ዛሬ ነው ጠብ ሲል የተሰማ።

«ጉድጓድ፣ ጉድጓድ፣ እባክህ አፍህን ዝጋ።»

«አልዘጋም» አለ ጉድጓድ እያዛጋ። «በዚህ ኑሮ ያገኘሁትን እውጣለሁ። ትናንት አንዲት አህያ ከነጭነቷ፣ ከትናንት ወዲያ ሠርገኛ ከነከበሮው ውጫለሁ። ድንጋይ ካልተሞላሁ በቀር አፌ አይገጥምም።»

«ከነከበሮው! አምላኬ ሆይ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ቀስ ብላ ዞራም ወደ ተራራው ግርጌ ሄደች። ድንጋዩ እዚያ ተከምሮ ፀሐይ ይሞቃል።

«ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ተነስና ጉድጓዱን ሙላልኝ።»

«ለምን ብዬ?» አለ ድንጋይ። «የቤት ኪራይ የማይጠየቅበት ቦታ በአገሩ ይኸ ብቻ ነው፤ ማን ለቆ ይሄዳል? ክንድ መጥቶ ካልተሸከመኝ ንቅንቅ አልልም።»

ክንድ ካልተነሳ ድንጋይ አይሄድ፣ ድንጋይ ካልሄደ ጉድጓድ አይሞላ፣ ጉድጓድ ካልሞላ ቦቴ አያልፍ፣ ቦቴ ካላለፈ ናፍጣ አይመጣ፣ ናፍጣ ካልመጣ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ዳቦ አይደፋ፣ ዳቦ ካልተደፋ ማኅበር ይፈርሳል። ወይ ጉድ!

የመንደሩ ወንዶች ትልቁ ዋንዛ ሥር ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ብዙ ከመቀመጣቸው የተነሳ ወፍ ባርኔጣቸው ላይ ጎጆ ሠርታ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿን ድራለች። እትዬ ዘርፈሽዋል ለክንዶቹ እጅ ነሳች።

«ክንድ፣ ክንድ፣ ተነሱና ድንጋዩን ተሸከሙልኝ። ለሚካኤል ብላችሁ።»

«በሚካኤል ስም መጣሽብን?» አሉ ክንዶቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ። «እኛማ በወደድን። ጌታችን ሆድ ነው፤ እሱ ካልበላ አንነሳም።»

«ሆድ፣ ሆድ፣ ክንዱን ልቀቅልኝ!»

ሆድ ጮኸ። ማዶ ያለ ሰው ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን በርበሬ አስገባ። «ዳቦ!» አለ ሆድ። «ዳቦ ካልበላሁ ክንድ አለቅም።»

«ዳቦ? ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ድረስ የመጣሁት በዳቦ ምክንያት አይደለም እንዴ? እግዚአብሔር እኮ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።»

«እህ!» አለ ሆድ። «ይኸው እኔ ተከፍቼ ካደርሁ ሰነበትሁ። ሂጂ ለእሱ ንገሪው!»

እትዬ ዘርፈሽዋል እጇን በራሷ ላይ ጫነች። ሆድ ካልበላ ክንድ አይነሳ፣ ክንድ ካልተነሳ ድንጋይ አይሄድ፣ ድንጋይ ካልሄደ ጉድጓድ አይሞላ፣ ጉድጓድ ካልሞላ ቦቴ አያልፍ፣ ቦቴ ካላለፈ ናፍጣ አይመጣ፣ ናፍጣ ካልመጣ ወፍጮ አይፈጭ፣ ወፍጮ ካልፈጨ ዳቦ አይደፋ፣ ዳቦ ካልተደፋ ደግሞ... ሆድ አይበላ! ዞራ ዞራ መጥታ የተነሳችበት ላይ ወደቀች። የዚህን ጊዜ ጉድ ለማለት እንኳ አፏ አልታዘዛት አለ።

ቤቷ ገብታ ቁናዋን ፊቷ አስቀመጠች። በዓሉ ነገ ነው። ስንዴው የሚካኤል ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ቆርጥማ አታውቅም። ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ በረሃብ ረግፏል፤ ሳይፈጭ ደግሞ የሚበላበት መንገድ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ንፍሮ። በዋንዛ በር ግን ሰው ካልሞተ ንፍሮ አይቀቀልም። ያለ ለቅሶ የቀቀለ ሞትን በስሙ ጠራው ይባላል። ለዚህም ነው አገሩ ሁሉ እህሉን ወፍጮ ቤት አሰልፎ በረሃብ የተቀመጠው።

«ሚካኤል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንዴው ያንተ ነው። ግን የተራበ ሰው እያየሁ ላንተ ባስቀምጥልህ ደስ የሚልህ አይመስለኝም። ነገ ዳቦ ባይኖረኝ ባዶ እጄን እቆምልሃለሁ። ሞቱም ከመጣ ካንተ ጋር ይነጋገር።»

ቁናውን እንዳለ ድስት ውስጥ ዘረገፈችው።

ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ሽታው አጥር ዘሎ ወጣ። መጀመሪያ ያሸተተው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ሸጋው ነው። የአያ ሸጋው አፍንጫ ደግሞ ሦስት ወንዝ ማዶ የታመመ ሰው ያሸታል።

«ከዘርፈሽዋል ቤት ንፍሮ! ወይኔ፣ ብቻዋን ሞታ!» አለና ጥሩምባውን ነፋው። አነፋፉ! ሁለት ዶሮዎች ራሳቸውን ሳቱ፤ የቆላው አገር ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ።

ለቅሶ ተጠርቶ የሚቀር የለምና ዋንዛ ሥር የነበረው ሁሉ ወፏን ከነጎጆዋ ባርኔጣው ላይ እንደያዘ ተነሳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ወይ ዘርፌ! ወይ ደጊቱ!» እያሉ ጎረፉ። ከፊት ጋሽ ባይለየኝ ነው። «ማኅበር ይፈርሳል ብዬ እኔ ገደልኋት!» እያለ ያነባል።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘርፈሽዋል ጭልፋ ይዛ ብቅ አለች።

ለቅሶው እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። አያ ሸጋው ጥሩምባው ከእጁ ወደቀበት። አንዲት ሴት በደረቷ ተደፍታ፣ «ሬሳዋ ጭልፋ ይዟል!» ብላ ጮኸች።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ?» አለች ባለቤቲቱ። «አልሞትሁም። ሊሞት የደረሰው ማኅበራችን ነው። እሱ ሳይቀበር ግቡና ብሉ!»

«ያለ ለቅሶ ንፍሮ? ዘርፌ፣ ሞት ጠራሽ እኮ!» አለ ጋሽ ባይለየኝ።

«ጋሼ፣ ሞት እንደሆነ ሳንጠራውም በየቤታችን ሲመላለስ ከርሟል። ዛሬ አብልተን እንሸኘው። እጅህን ታጠብ!»

ጋሽ ባይለየኝ አማተበና አንድ እፍኝ ወደ አፉ አለ። ሁሉም ዓይን ዓይኑን አየው። አልሞተም። እንዲያውም ሁለተኛውን እፍኝ ዘገነ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሆድ በላ፣ ክንድ ተነሳ፤ ክንድ ተነሳ፣ ድንጋይ ሄደ፤ ድንጋይ ሄደ፣ ጉድጓድ ሞላ፤ ጉድጓድ ሞላ፣ ቦቴ አለፈ፤ ቦቴ አለፈ፣ ናፍጣ መጣ፤ ናፍጣ መጣ፣ ወፍጮ ጠጣ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ወፍጮው ሲያጓራ ተራራው ጆሮውን ደፈነ።

«እትዬ፣ ያንቺ ተራ ነው፤ ምን ልፍጭልሽ?» አለ ወፍጮ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ቁናዋን ገለበጠችው። አንዲት ፍሬ ጠብ አላለችም። ስንዴው በአገሩ ሆድ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ የሚገባበት ጠፋው። የበሉት የሚካኤልን ዳቦ ኖሯል!

ጋሽ ባይለየኝ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የራሱን ጆንያ ፈታ፤ አንድ እፍኝ ስንዴ አውጥቶ ቁናዋ ውስጥ ጨመረ። አያ ሸጋው ተከተለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለው። ቁናው ሞላ፣ ተረፈ፣ ፈሰሰ፤ ጆንያ አመጡለት፣ ጆንያውም ሞላ። ወፍጮውም ፈጨ።

በማግስቱ የደፋችው ዳቦ! በበሩ አልወጣ ብሎ መቃኑ ተነቀለ። ስምንት ሰው ተሸክሞት ሲሄድ ጥላው ሥር ሦስት መንደር አረፈ። ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ቢላዋው መሐል ላይ ደክሞት ተቀመጠ።

ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ «ቀጣዩ ተረኛ ማነው?» ሲባል ግን የባሰው ጉድ መጣ።

«እኔ!» አለ አያ ሸጋው።

«ምን ሲደረግ? እኔ!» አለች ያች በደረቷ የተደፋችው ሴት።

ጽዋውን ይዘው የሚጎትቱት ሰባት እጆች ሆኑ። እትዬ ዘርፈሽዋል አፏን ይዛ ቀረች። «ወይ ጉድ! ከጽዋ የሚሸሽ ሰው ስንቱን አይቻለሁ፤ በጽዋ የሚጣላ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

«ዝም በሉ! ሙሴው እኔ ነኝ!» ብሎ ጋሽ ባይለየኝ ጽዋውን ከመሐል አወጣ። ሦስት ጊዜ ተሳለመውና ከነጨርቁ ደረቱ ላይ አቀፈው። «ይፈርሳል ያልሁት እኔ ነኝ። ለታኅሣሥ እኔ ቤት ኑ። ምን እንደማበላችሁ አላውቅም፤ ግን ኑ።»

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ ግን አልላችሁም፤ የእኔን ድርሻ በልቼው ነው የመጣሁት።