ከበሮውን ለጅብ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ልጁን ሊድር ድግስ ደገሰና «እስከ ሠርጉ ማግስት ማንም ማንንም እንዳይበላ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁ ልብ የሰጣት አህያ ከቀበሮና ከጅብ ጋር የሙዚቃ ቡድን አቋቋመች። ቀበሮ ማሲንቆ ይገዘግዛል፣ ጅብ ያጨበጭባል፣ አህያ ከበሮ ትመታለች። አህያ በዕድሜዋ ያልሄደችበት ሠርግ የለም፤ ግን ሁልጊዜ እህል ተጭና ሄዳ፣ ከዳሱ ውጭ ታስራ ውላ ነው የምትመለሰው። አሁን እንደ ሰው በበሩ ገብታ መቀመጥ አማራት።

ስለዚህ ልምምድ አታጓድልም። ቀበሮ ሲቀር፣ ጅብ ሲያንቀላፋ፣ ብቻዋን መሬቱን በኮቴዋ እየደለቀች ምቱን ታጠናለች።

«ምን ያደክምሻል? እኔ እንደሆንኩ ከነተሰጥኦዬ ነው የተወለድኩት» ይላታል ቀበሮ።

«እኔ ደግሞ ከነጭነቴ ነው የተወለድኩት፤ ካልተለማመድኩ አይሆንልኝም» ትለዋለች።

በሠርጉ ዋዜማ ከበሮውን ማን ያሳድረው ተባለ። ቀበሮ መሸከሙ ስለከበደው «ጅብ ዘንድ ይደር፤ ጎሬው ለዳሱ ቅርብ ነው» አለ። አህያም ስትደልቅ ውላ ደክሟት ነበርና «እሺ» አለች። ቆዳ ለጅብ አደራ ሰጥተው ሁለቱም በሰላም ተኙ።

ማለዳ ዳሱ በር ላይ ሲገናኙ ጅብ የከበሮውን ባዶ ግንድ አቅፎ መጣ።

«ቆዳውስ?» አለች አህያ።

«አህያ አትብላ ተባልኩ እንጂ ከበሮ አትብላ ያለኝ የለም» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ።

ቀበሮ «ወይኔ ራሴን» ብሎ ማሲንቆውን ይዞ ሹልክ አለ። አህያ ሆድ ባሳት። ሁልጊዜ የምትታሰርበት ዛፍ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ልትመለስ ዘወር ስትል ሙሽሮቹ ብቅ አሉና እንግዳው ሁሉ ዞሮ አያት። ያኔ ባዶውን ግንድ ገልብጣ ደፋችው፤ ኮቴዋ የለመደውን ምት ራሱ ጀመረ። ጅብም አፍሮ ኖሮ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ዝንጀሮዎቹ እስክስታ ወረዱ፤ ኤሊ እንኳ አንገቷን ሰበቀች።

«ያቺን ከበሮ መቺ አስገቧት፤ እዚህ አጠገቤ ትቀመጥ» አለ አያ አንበሶ።

አህያ ጀርባዋ ላይ ምንም ሳትሸከም በበሩ ገባች፤ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ቀበሮ የወጡ ሽታ ስቦት ሲመለስ ግን በረኛው «ራስህን ተሻለህ እንዴ?» ብሎ ከደጅ መለሰው። አህያም ጠግባና ተመርቃ፣ አዋጁ ሳያልቅ ቤቷ ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከበሮን ጅብ ሊበላው ቢችልም በልምምድ የያዙትን ምት ግን የማንም ጥርስ እንደማይደርስበት ነው።