የተቀመጡበት ሕግ

ነገር ከሐይቅ ዳር ይጀምራል፤ ቅርብ ያለ ይስማ፣ ሩቅ ያለ ይጠጋ።

ስፌት ሰፊዋ እትዬ ትጓደድ ጉማሬ ልታይ በሞተር ጀልባ ወጣች። ስትመለስ ልትወርድ ብድግ እንዳለች ጀልባዋ መውረጃውን ገጨችው። እትዬ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ወለቀ። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፦ ሳያብጥ ማዶ ካለው ወጌሻ የሚያደርሳት። እጇ ካልተመለሰ ስፌት የለም።

«ዱካሞ፣ አሻግረኝ» አለችው ነጂውን።

«እትዬ፣ እዚህ ዳር የተጎዳ ያነሳ ጥፋቱንም አነሳ ይባላል። ጀልባዋን እንዲያስር ገመድ ወረወርኩ፣ ዳር የቆመው ተቀባይ ለቀቀው። እሱ ጥፋቱን ይመንና አሻግርዎታለሁ።»

ወደ ገመድ ተቀባዩ ሄደች። «ነጂው አያሻግር፤ ተቀባዩ፣ እመን እንጂ።»

«እኔማ ይዤ ነበር። የተበጠሰው ገመዱ ነው። የበሰበሰ ገመድ የሰጠኝ ባለጀልባው ይመን።»

አንጓዋ ሎሚ አከለ። ወደ ባለጀልባው ሄደች። «ነጂው አያሻግር፣ ተቀባዩ አያምን፤ ባለጀልባው፣ እመን እንጂ።»

«ገመዱን አይቶ ‹ደህና ነው› ብሎ ማኅተም የመታበት የጀልባ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። ከማኅተም በላይ እኔ ማን ነኝ?»

አንጓዋ ብርቱካን አከለ። ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። «ነጂው አያሻግር፣ ተቀባዩ አያምን፣ ባለጀልባው አያምን፤ ሊቀመንበር፣ ይመኑ እንጂ።»

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ኪሱ ከተተ። «ሕግ አለን፤ ‹ጀልባው ሳይታሰር ተሳፋሪ አይቁም› ይላል። ቆመው ነበር?»

«ቆሜ ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የርስዎ ነው።»

«እና ራሴን ተሸክሜ ልሻገር? የት ነው የተጻፈው?»

«ጀልባዋ ላይ።»

ነጂውም፣ ተቀባዩም፣ ባለጀልባውም ተከትለው ሄደው አዩ። ሕጉ በቀይ ቀለም፣ አምሮ፣ መቀመጫው ላይ ተጽፏል።

«እኔ ፊደል ያለበትን ሁሉ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ካርቶን እንኳ አይቀረኝም» አለች እትዬ። «ይኼን ግን ስሄድም ስመለስም ተቀምጬበታለሁ። ለማንበብ መቆም ነበረብኝ፤ መቆም ደግሞ ክልክል ነው። መቀመጫ ላይ ጻፉት ያለው ማን ነው?»

ሦስቱም ሊቀመንበሩን አዩ። ሊቀመንበሩ የሚያየው ሰው አጣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ ሲያምን ባለጀልባው አመነ፤ ባለጀልባው ሲያምን ተቀባዩ አመነ፤ ተቀባዩ ሲያምን ነጂው ሞተሩን አስነሳ፤ ሞተሩ ሲነሳ እትዬ ከአራቱም ጋር ተሻገረች። ወጌሻው እጇን ያዘና ሳብ አደረገው፤ ቀጭ አለና ቦታው ገባ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አላት ወጌሻው።

አራቱ ወንዶች በአንድ አፍ፣ «ጀልባዋ ናት» አሉ።

ጀልባዋ የምታሳብብበት ስላልነበራት ዝም ብላ ተንሳፈፈች።

ተረቴ ዳር ወጣ፤ እናንተ ስትሳፈሩ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ወንበሩን አንብቡ።