የተደፈነው ጉድጓድ

በአንድ ወቅት ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ወቅቱ ግን ገና አላለፈም። በባሕር መሃል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። የባዕድ ገዢዎች ለብዙ ዘመን ሲገዟት ብቸኛ የውሃ ጉድጓዷን በሲሚንቶ ደፍነው፣ ሕዝቡን በመርከብ በሚያመጡት የበርሜል ውሃ አኖሩት። ባንዲራቸው የወረደ ዕለት እስኪበቃን ጨፈርን። ጉድጓዱን እንክፈት ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መርከቡ መመላለሱን ቀጠለ፤ እኛም እንደ ድሮው ባልዲያችንን ይዘን ጠበቅነው።

እኛ ዘንድ አለቃ የሚመረጠው በሰልፍ ነው። ሰው ባሕር ዳር ከወደደው ኋላ ይቆማል፣ ሰልፉ የረዘመለት ያሸንፋል። ከነጻነት በኋላ በተደረገው ምርጫ የአሳ አጥማጁ የዳውድ የበኩር ልጅ ሁመድ አሸነፈ። በገዢዎቹ ትምህርት ቤት ከተማረው ከወንድሙ ከሳልህ ኋላ የቆመችው የገዛ ሚስቱ ብቻ ነበረች። ታናሻቸው መዲና አልተወዳደረችም።

የመርከቡ ካፒቴን መጣና፣ «ነጻ ናችሁ፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ። እኛ የምናውቀው ግን ሳልህን ነው» አለ። ውሃውን ሳያራግፍ ፈቀቅ ብሎ መልሕቁን ጣለ።

ሁመድ ንቅንቅ አላለም። ሄደን ለመንነው። «ዛሬ ወንበሩን ለመርከብ ከለቀቅሁ ነገ የምትሰለፉት ለምንድን ነው?» አለን። ጥሙ ሲጠና ጨቅላ ልጁ ሞተችበት። በገዛ እጁ ቀብሯት ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ፊቱን ማየት ከበደን።

ሳልህ ከቀብሩ በቀጥታ በታንኳ ወደ መርከቡ ቀዘፈ። «አለቃው እኔ ነኝ» አላቸው። በምትኩም አሳ የምናጠምድበትን የምሥራቁን ወሽመጥ ሰጣቸው። ውሃው ወረደ። እየሰደብነው ጠጣን። እሱም በርሜል እያንከባለለ፣ «ስደቡኝ፣ ብቻ ጠጡ» ይል ነበር። ለራሱ ምንም አልወሰደም፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

መዲና ያን ውሃ አልቀመሰችም። ሴቶቹን አስከትላ፣ ከተሰበረ ጀልባ በተነቀለ መልሕቅ ሲሚንቶውን መደብደብ ያዘች። መዳፋቸው ተላጠ። በመጨረሻ ጨው ጨው የሚል፣ ግን የሚጠጣ ውሃ ወጣ፤ እልል አልን። በማግስቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘበኛ አቆመች።

«ያልቆፈረ አይጠጣም» አለች። «ከእንግዲህ ሰልፍም የለም። የሚያዘው የቆፈረ ነው።»

ሽማግሌው አባባ ጡሃ፣ «አንቺን ደግሞ ማን መረጠሽ፣ ልጄ?» ቢሏት፣

«ጥሙ» አለቻቸው።

አባባ ጡሃ ለመቆፈር አቅም የላቸውም። ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ወደ ሳልህ በርሜል ሄዱ።

ይኸው አሁን ሦስት አለቃ አለን። ካፒቴኑ ደግሞ ተመልሶ፣ የማነጋግረው አንዱን ብቻ ነው ብሏል። ሽማግሌዎቹ መዲናን በስንት ልመና አግባቡና አንድ ጊዜ እንድንሰለፍ ተወሰነ። ነገ ሦስቱ የዳውድ ልጆች ባሕር ዳር ይቆማሉ። ሁመድ የልጁን መቃብር አፈር ከጫማው አላራገፈም፣ ሳልህ ወገቡ ጎብጧል፣ መዲና መዳፏ አልዳነም። እኔም ደክሞኛል፤ ማንኛቸውንም መጥላት አቅቶኛል።

እናንተ ያልጠማችሁ፣ እስቲ ተከራክራችሁ ፍረዱ። ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው? ነገ ባልዲዬን ይዤ ከማን ኋላ ልቁም?