የዘርትሁን ጉድጓድ

ድሮ ነው። ያኔ እናንተ የላችሁም፣ እኔም የለሁም፣ አባቴም ገና በአባቱ ወገብ ነው። ይህ ተራራ ብቻ ነበረ። እሱ ምስክር ይሁነኝ፣ እኔ ላውጋችሁ። ቀረብ በሉ። አንተ ደግሞ እዚያ ማዶ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ይህን ታሪክ ርቆ መስማት ነውር ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሃል።

ቀጨሞ በምትባል መንደር ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንዲት ጎጆ፣ አንዲት ፍየልና ደጃፏ ላይ የተቆፈረ የእህል ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ባሏ ነው። ገብስ ሞልተውበት አፉን በድንጋይ ገጥመው በጭቃ መርገውታል። ክፉ ቀን ካልመጣ አይከፈትም። ዘርትሁን የምትበላውን ቤት ካለው ጎታ ትዘግናለች እንጂ ጉድጓዱን አትነካም። ጉድጓዱን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንድ ዓመት ቆላ ወርዳ ንዳድ ይዟት መጣች። ነደደች፣ ቃዠች፣ አለቀላት ሲሏት ተነሣች። ተነሥታም ሽሮ ጣደች። አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ወጥሽ አረረ፣ ቤቱ ሊነድ ነው እያለ እየሮጠ ገባ። እውነትም ድስቱ ከሰል ሆኗል። ዘርትሁን ግን ምንም አልሸተታትም።

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ አሸተተች፣ ምንም። ጤና አዳም አሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ወተፈች፣ ምንም። ሌላ ወጥ ሠርታ ቀመሰች። ጨውነቱ አለ፣ የበርበሬው ማቃጠል አለ፣ ወጡ ግን የለም። አይ ምላስ! ትልቅ ነገር ትመስላችኋለች። ምላስ የምታውቀው ጨውን፣ ጣፋጩን፣ መራራውንና ጎምዛዛውን ነው፤ ከዚያ ብታልፍ ትንሽ ነው። የቀረውን ጣዕም በጉሮሮ በኩል ሽቅብ ስቦ የሚለየው አፍንጫ ነው። ካላመናችሁ አፍንጫችሁን ጥፍር አድርጋችሁ ይዛችሁ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ገብስ ይሁን ሽምብራ ንገሩኝ።

ዘርትሁን የባሏን ጋቢ አጥባው አታውቅም ነበር። አጥፋ አስቀምጣዋለች፣ ሲከፋት አውጥታ ታሸተዋለች፣ እሱም የመጣ ይመስላታል። ያን ቀን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ጨርቅ ነው። ባሏ ዳግመኛ የሞተ መሰላትና ተቀምጣ አለቀሰች።

ለማንም አልተናገረችም። ዓይኑ የጠፋ ሰው በትር ያቀብሉታል። ጆሮው የደነቆረ ሰው ይጮሁለታል። አፍንጫው የጠፋ ሰው ግን ምን ይሉታል? ቢስቁብኝስ ብላ ፈራች።

ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ፈንጣጣ መጣ። የፈንጣጣ ሽታ ዛሬ የለም፣ እግዜር አያምጣው። የሞተ ሰው የሚቀርበው አጣ። እናት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ እስከ ደጅ ትመጣለች፣ ከደጅ ትመለሳለች። ወንድም እስከ ደጅ ይመጣል፣ ከደጅ ይመለሳል። ሬሳው ሳይታጠብ፣ ሳይገነዝ እቤት ይውላል። ዘርትሁን ይህን አየችና በልቧ እኔን ምን ያግደኛል አለች።

ገባች። አጠበች፣ ገነዘች፣ ተሸክማ አወጣች። ሌላ ቤት ገባች። አጠበች፣ ገነዘች፣ ተሸክማ አወጣች። አንጓች የምትባል ምላሷ እንደ እሾህ የሚወጋ ሴት ነበረች፣ መንደሩ ሁሉ የሚሸሻት። የአንጓችን ልጅ አጠበች፣ ገነዘች፣ ተሸክማ አወጣች። አንጓች ራሷ እዚያው ቤት በበሽታው ተይዛ መደብ ላይ ወድቃ ታያት ነበር። ዘርትሁንን በሽታው ዘለላት። ለምን እንደሆነ የፈጠረ ያውቃል።

ክረምቱን ሙሉ ቤቷ አልዋለችም። ዝናቡ ይዘንባል፣ የደጇ ቦይ ተደፍኗል፣ የሚጠርገው የለም። ጎርፉ ዞሮ በድንጋዩ ሥር ሰርጎ ጉድጓዷ ገባ። እሷ የሰው ሬሳ ስታጥብ ገብሷ ከመሬት በታች በሰበሰ።

መስከረም ጠባ፣ በሽታው ጠፋ። ሰው ወደ ሰው ተመለሰ። ወደ ዘርትሁን ግን አልተመለሰም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ አንሥተው ይሄዳሉ። ማኅበር ላይ ስትቀመጥ ጎንና ጎኗ ባዶ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስትቆም ሰው ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳብ ያደርጋል። ይህን ነጠላ መሳብ ታውቀዋለች፣ በሬሳ ቤት ደጃፍ አይታዋለች።

ያኔ ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት። የሬሳው ሽታ ሰውነቴ ላይ ቀርቷል አለች። ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ታጠበች። ልብሷን አጠበች፣ ገላዋን እንደገና አጠበች፣ ቆዳዋ እስኪላጥ ፈተገች። ለቀቀኝ? አልለቀቀኝም? በምን ትወቀው! የራሷን ጠረን የማታውቅ ሰው ምን ታድርግ? የታጠበውን ልብስ ቤቷ ወስዳ ትሰቅላለች፣ ቤቷ ደግሞ በጉድጓዱ ክርፋት ተሞልቷል፣ ልብሱ መልሶ ይይዘዋል።

ጨነቃትና ሰው ጠየቀች። እሸታለሁ እንዴ? በማርያም እውነቱን ንገሩኝ እያለች ለመነች። የቀጨሞ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፣ ይሉኝታ ይገድለዋል። ልጃችንን አጥባ የቀበረችልንን ሴት ትሸቻለሽ እንዴት እንበላት ብለው፣ ከዚያ ማዶ ቆመው ኧረ ምንም የለሽም ይሏታል። ምንም የለሽም እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ጨዋነት ምን ትሉታላችሁ? ስድብ ይሻላል። ዘርትሁን መጠየቅ ተወች። መውጣትም ተወች። ከፍየሏ ጋር ብቻ ታወራ ጀመር።

አንጓች ከሕመሟ የተነሣችው ዘግይታ ነው። ስትነሣ ያቺ ልጄን የቀበረችልኝ ሴት የት አለች ብላ ጠየቀች፣ ሰዉ ትሸታለች ብሎ ተንሾካሾከላት። ምርኩዟን ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አሸተተች፣ ጉድጓዱን በምርኩዟ ወጋ ወጋ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገባች።

ዘርትሁን ወደ ጓዳ ሸሸች። ሰው የሚቀርበኝ አይደለሁም፣ ተመለሺ አለቻት። አንጓች መቼ ሰምታ! ሁለት ጆሮዋን ይዛ ጎተተቻት፣ ነጠላዋን ገፍፋ ጣለችው፣ አፍንጫዋን አንገቷ ሥር ከታ በረጅሙ ሳበች። ዘርትሁን ዓይኗን ጨፍና ፍርዷን ጠበቀች።

«ጉድጓድሽ በስብሷል» አለች አንጓች። «ቤትሽ ይከረፋል፣ ልብስሽ ይከረፋል። ደጃፍሽ ላይ እንዲህ ሲገማ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አይሸተኝም» አለች ዘርትሁን። ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ከንዳዱ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። እኔስ? እኔ ራሴ ምን ምን እላለሁ?»

አንጓች ጎንበስ ብላ ደግማ አሸተተቻት።

«ላብ ላብ ትያለሽ። ጭስ ጭስ ትያለሽ። ሰው ሰው ትያለሽ።»

ዘርትሁን የአንጓች አንገት ላይ እንደ ተደፋች አለቀሰች። አንጓችም ዘርትሁን የቀበረችላትን ልጇን ያን ቀን አለቀሰች።

በማግስቱ አንጓች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ መንደሩን ልክ ልኩን ነገረችው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ፣ የበሰበሰውን ዝቀው ገደል ጣሉት፣ ጉድጓዱን በእሳት አጥነው ከየቤታቸው ባመጡት ገብስ ሞሉት። ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰላችሁ? አላበቃም። ድሮ ሽታው ነበር የሚያርቃቸው፣ አሁን ደግሞ ሐፍረቱ። ዓይኗን ማየት አቃታቸው። ከሩቅ እጅ ይነሷታል፣ ሹልክ ብለው ያልፋሉ። የምትቀርባት አንጓች ብቻ ነበረች። ሲገናኙ ዘርትሁን ዛሬስ ትላለች፣ አንጓች አሽትታ ትነግራታለች። ዛሬ እርጎ እርጎ ትያለሽ፣ ዛሬ ፍየል ፍየል ትያለሽ፣ ሂጂ ታጠቢ።

ዓመታት አልፈው አንጓች ሞተች። ምላሷን የሚፈራው መንደር ሁሉ ለቅሶ ወጣ። ያጠበቻትና የገነዘቻት ዘርትሁን ነች። ጨርሳ ወጣችና እንደ ለመደችው ከሰው ራቅ ብላ አጥር ሥር ቆመች። እጇ እርጥብ ነበር። አሁን ማን ይነግረኛል ብላ አሰበች። ሰውም እያያት ቆመ፣ እሷም ቆመች።

ኋላ አንድ ሽማግሌ ከሰው መሀል ወጣ። በፈንጣጣው ጊዜ ሚስቱን የቀበረችለት ነው፣ ከማዶ ሆኖ ምንም የለሽም ያላትም እሱ ነው። መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አንገቷ ሥር አሸተተ። «ሰው ሰው ትያለሽ፣ እናቴ» አላት። ቀጥሎ አንዲት ሴት መጣች፣ አሸተተቻት፣ ነገረቻት። ቀጥሎ ሌላ መጣ። መንደሩ እንዳለ ተሰልፎ አሸተታት።

ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ በቀጨሞ ሬሳ ገንዞ የወጣን ሰው፣ ከረጅም ሕመም የተነሣንም ሰው፣ ደጅ ያገኘው ሁሉ አንገቱ ሥር አሽትቶ ሰው ሰው ትላለህ ሳይለው የማያልፈው። ሰው በይሉኝታ እውነቱን ሲደብቀንም የዘርትሁንን ጉድጓድ አትደብቀኝ እንላለን። አንተ ማዶ ያለኸው፣ አሁን ገባህ? ና ወዲህ።

የዘርትሁን አፍንጫ እስክትሞት አልተመለሰም። የባሏን ጋቢ ግን አንዳንዴ ይዛ ትወጣና ያገኘችውን ሰው እስቲ አሽትተህ ንገረኝ ትለው ነበር፤ እሱም አሽትቶ ይነግራታል።