የማይለወጠው ግሥ

አያልሰው የሚባል አንድ ሰው ሚስቱን እንግሊዝኛ ያስጠና ነበር። ሚስቱ ስንቅነሽ ልብስ ሰፊ ናት። የጎልማሶች ትምህርት ገብታ በማግስቱ ፈተና አለባት። እሷ ዩኒፎርም ትቀመቅማለች፣ እሱ ግሥ ይጠራል።

«ጎ» ሲላት «ዌንት» አለች። «ኢት» ሲላት «ኤት»። ደስ አለው። ከዚያ የማይለወጡት መጡ። ካት፣ ያው ካት። ፑት፣ ያው ፑት። የትናንቱም የዛሬውም አንድ ነው አላት። ስንቅነሽ የስፌት መኪናውን አቁማ፣ እንግሊዞቹ እዚህ ጋ ሲደርሱ ደክሟቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሳይሆን አይቀርም አላት።

«ኸርት፤ መጎዳት ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር ሥሪበት።»

ትንሽ አሰበችና «ዩ ኸርት ሚ» አለችው።

ጎበዝ ሊላት አፉን ከፍቶ ቆመ። ጎድተኸኛል ነው? ወይስ ትጎዳኛለህ?

ምን ትዝ አለው መሰላችሁ? ካቻምና መጀመሪያ ስትመዘገብ፣ በወንድሞቿ ፊት፣ እሷ ኤቢሲዲን እስክትጨርስ ልጆቻችን ጡረታ ይወጣሉ ብሎ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። በሳምንቱ ትምህርቱን ተወችው። ሥራ በዝቶባት መስሎት ነበር። መስሎት ነበር ወይስ እንዲመስለው ፈልጎ? እሱን ለራሱ እንተወው።

«ያለፈ ነው የአሁን?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቃሉ አይለይም አላልከኝም?»

«አጠገቡ ‹የስተርደይ›፣ ትናንት የሚለው፣ ከተጨመረ ይለያል።»

«እንግዲያው ጨምርልኛ፣ አያልሰው።»

መጽሐፉን አጠፈው። «ያን ቀን በሰው ፊት ሳቅሁብሽ፤ ሰውም አሳቅሁብሽ። ይቅር በይኝ» አላት።

ስንቅነሽ ጨርቁን ጭኗ ላይ አስተካከለች። እሱም አላጣደፋትም።

ቆይታ፣ «ዩ ኸርት ሚ የስተርደይ» አለች። ቀጥላም የሚቀጥለውን ጥራ አለችው።

ወገኖቼ፣ «አልፏል እኮ» ማለት እንወዳለን። ለማን ነው ያለፈው? ለተናገርነው ለእኛ አልፏል። የሰማችውስ? የሰማውስ? አብሯችሁ እየሳቀ፣ አብሯችሁ እየበላ፣ ዛሬም የሚያመው የለም?

ጊዜ ያሳልፈዋል ትላላችሁ። ጊዜ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እግዚአብሔር እንኳ በደላችንን ከእኛ ያራቀው ዝም ብሎ ዘመን በመቁጠር አይደለም፤ ወደ እኛ መጥቶ ነው።

አሁን ይህን ስናገር አንድ ሰው በልባችሁ መጥቷል። አውቃለሁ። ከዚህ ስትወጡ ምሳው ይቆያል፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ።